እትብት የተቀበረበት፦ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች እናቶችና የሥነ ተዋልዶ ፍትሕ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሪዞና ውስጥ የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ። የማስተረጉመው ለእኛው ሰው ነው፣ በአማርኛ። ግን ወሊድ ክፍሉ መተላለፊያ ላይ ብዙ ጊዜ ከጎናችን የሚቀመጡት የናቫሆ ቤተሰቦች ናቸው። አያት፣ እናት፣ አክስት ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ልክ እንደኛ። የእነሱን ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ቡና ላይም ሆነ ማኅበር ላይ ወሬዬ እሱ ሆኗል። ሰዎች የሚጠይቁኝ ጥያቄም ይመሳሰላል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሥነ ተዋልዶ ፍትሕ ማለት ያው ስለ ውርጃ መከራከር አይደለም እንዴ?

አይደለም። ውርጃ አንዱ ክፍል ነው። ቃሉን የፈጠሩት በ1994 ቺካጎ ላይ የተሰበሰቡ 12 ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ናቸው። የካይሮው የሕዝብና ልማት ጉባኤ ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነበር። እነሱ ያሉት ሦስት ነገር ነው። ሴት ልጅ መውለድ ካልፈለገች አለመውለድ መብቷ ነው። ከፈለገች መውለድ መብቷ ነው። የወለደችውን ደግሞ ሰላም ባለበት፣ ውሃው ንጹሕ በሆነበት ቦታ፣ ማንም ሳይነጥቃት ማሳደግ መብቷ ነው።

በ1997 የጥቁር፣ የነባር ሕዝቦች፣ የላቲንና የእስያ ሴቶች ድርጅቶች ሆነው ሲስተርሶንግ የሚባለውን ኅብረት ሲያቋቁሙ ሐሳቡ ሰፋ። ነባሮቹ ሴቶች ግን ከዚያም በፊት የራሳቸውን ዝርዝር ጽፈው ነበር። በ1990 ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ፒየር ከተማ ላይ ተገናኝተው ለራሳቸው የሥነ ተዋልዶ መብት አጀንዳ አወጡ። ከሰብሳቢዎቹ አንዷ ከኮማንቺ ሕዝብ የሆነችው ሻሮን አሴቶየር ነበረች። ያንክተን ሱ በሚባለው ነባር ሕዝብ ምድር፣ ሌክ አንዲስ በምትባል ትንሽ ከተማ ለነባር ሴቶች የጤና ትምህርት ማዕከል የከፈተችው እሷ ናት።

በእኔ እምነት ሰው ስለ ሁለቱ መብቶች ብዙ ያወራል፣ ሦስተኛውን ይዘለዋል። ከእነዚህ እናቶች በብዛት የተወሰደው ግን ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ከታች እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

"ቀይ ህንዶች" የሚባሉት ናቸው? ዛሬም አሉ?

አሉ። የአሜሪካ መንግሥት በይፋ የሚያውቃቸው ከ570 በላይ ሕዝቦች አሉ፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ምድር፣ ምክር ቤትና ፍርድ ቤት አላቸው። "ቀይ ህንድ" የሚለው ከድሮ ፊልም የተረፈን ስም ነው፣ ብንተወው ጥሩ ነው። በየስማቸው መጥራት ይሻላል፤ ላኮታ፣ ሞሐውክ፣ ቼሮኪ። ናቫሆዎች ራሳቸውን ዲኔ ይላሉ።

ሴቶቹን ሳይፈቅዱ አመከኗቸው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ያውም በመንግሥት ሰነድ።

ለነባር ሕዝቦች ሕክምና የሚሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሕንዶች ጤና አገልግሎት ይባላል። ይህ ሕክምና ልግስና አይደለም። መሬታቸውን ሲሰጡ በተፈረሙ ውሎች የመጣ ዕዳ ነው። በ1970ዎቹ በዚሁ መሥሪያ ቤት ሆስፒታሎች የወለዱ ሴቶች "ማሕፀኔ ተቋጥሮ ተገኘ" እያሉ መናገር ጀመሩ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኮኒ ፒንከርተን ዩሪ የምትባል ሐኪም ነበረች፤ የቾክታው እና የቼሮኪ ዘር ያላት። በ1972 አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ወደ እሷ መጥታ "ማሕፀን ይቀየርልኝ" አለቻት። ልጅቷ በ20 ዓመቷ ማሕፀኗ ወጥቷል። ኩላሊት እንደሚቀየር ሰምታ ማሕፀንም የሚቀየር መስሏታል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

የደቡብ ዳኮታው ሴናተር ጄምስ አቡሬዝክ ምርመራ እንዲደረግ ጠየቁ። የመንግሥት የሒሳብ ምርመራ መሥሪያ ቤት ከ12ቱ የአገልግሎቱ ክልሎች አራቱን ብቻ አየ። በ1976 ያወጣው ሪፖርት ከ1973 እስከ 1976 ባሉት የበጀት ዓመታት በእነዚያ በአራቱ ብቻ 3,406 የማምከን ሕክምና መደረጉን ይናገራል። ከ21 ዓመት በታች ያሉትን ማምከን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ሳለ 36 ወጣቶች ላይ ተሠርቷል። መርማሪዎቹ ሴቶቹን አላነጋገሩም፤ ያዩት ወረቀት ነው። ቀሪዎቹ ስምንት ክልሎችም አልታዩም።

ቁጥሩ ትንሽ የሚመስለው ሰው ካለ፣ በ1970 የሕዝብ ቆጠራ ጠቅላላው ነባር ሕዝብ ከ800 ሺህ ብዙም የማይበልጥ እንደነበር ያስብ። አንዳንዱ ሕዝብ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ ነው። እዚያ አሥር ወጣት ሴት ማምከን የአንድን መንደር ትውልድ መቁረጥ ነው።

ሐኪሞቹ ለምን እንዲህ አደረጉ? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። በ1970 ለቤተሰብ ምጣኔ ትልቅ የፌዴራል በጀት የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ሌላውና የሚከብደው ግን አመለካከቱ ነው። ድሃ ሴት ብዙ ልጅ አትውለድ፣ እኛ እናውቅላታለን የሚል። ክፉ ያሰቡ ብቻ አልነበሩም፤ ደግ ያደረጉ የመሰላቸውም ነበሩ።

ፈርመዋል እኮ ይባላል። ፊርማ ፈቃድ አይደለም?

ይህን ጥያቄ እኔም ከሥራዬ የተነሳ ብዙ አስቤበታለሁ።

በዚያ ሪፖርት መሠረት ወረቀቶቹ ብዙ ጉድለት ነበረባቸው። "እምቢ ብትዪ ምንም ዓይነት እርዳታ አይቋረጥብሽም" የሚለው ዓረፍተ ነገር በሕግ መኖር ነበረበት፣ ብዙዎቹ ላይ ግን አልነበረም። ለሴቲቱ በቃል ምን እንደተነገራት የሚያሳይ ማስረጃም የለም። ሴቶቹ ራሳቸው በኋላ የመሰከሩት ደግሞ ይብሳል፤ ምጥ ላይ ሆነው የፈረሙ፣ ልጆቻችሁ ይወሰዳሉ የተባሉ ነበሩ።

አንድ ጊዜ ለአንዲት የጎንደር ልጅ ሳስተረጉም ነበር። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ነርሷ የወረቀት ክምር ሰጠቻት፤ የኢንሹራንስ፣ የአድራሻ፣ የምን የምን። ልጅቷ ብዕሯን አንስታ ከላይ ጀምሮ መፈረም ጀመረች። "እህቴ፣ ቆይ ላንብብልሽ" አልኳት። "ምን ያደርጋል፣ ሐኪሙ ካለ ይሁና" አለች። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ስደርስ የማሕፀን ቱቦ ለማስቋጠር የሚፈረም ነው። በአማርኛ ቃል በቃል አነበብኩላት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና "ከዚህ በኋላ አልወልድም ማለት ነው?" አለች። "ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው" አልኩ። የአስተርጓሚ ሥራ ማስተርጎም ነው፣ ምክር አልጨመርኩም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ማንም በክፋት አላደረገውም ይሆናል። ግን እኔ ያን ቀን ባልኖር ፊርማዋ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር። ሕጋዊ ፊርማ።

ልጆቻቸውን ነጠቋቸው የሚባለውስ?

ሁለት ጊዜ ነጠቋቸው፣ በሁለት መንገድ።

መጀመሪያ በትምህርት ቤት። ከ1879 ጀምሮ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ካርላይል ከሚባለው ቦታ ተነሥቶ፣ መንግሥት ልጆችን ከወላጆቻቸው እየወሰደ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገባ። ጠጉራቸው ተቆረጠ፣ ስማቸው ተቀየረ፣ በቋንቋቸው የተናገሩ ተገረፉ። የላጉና ፑዌብሎ ተወላጅ የሆኑት ዴብ ሃላንድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲሆኑ ጉዳዩ እንዲጠና አዘዙ። በ2024 የወጣው የመጨረሻው ሪፖርት 417 ትምህርት ቤቶችን ቆጠረ፣ ቢያንስ 973 ልጆች እዚያ መሞታቸውንም አረጋገጠ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ፕሬዚዳንት ባይደን አሪዞና ጊላ ሪቨር ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁ።

ሁለተኛው በፎስተር፣ ማለት በጊዜያዊ አሳዳጊ ቤት፣ እና በጉዲፈቻ ነው። በ1970ዎቹ በተደረገ ጥናት ከነባር ሕዝቦች ልጆች ከመቶ 25 እስከ 35 የሚሆኑት ከቤተሰባቸው ተለይተው ነበር። አብዛኞቹ የተሰጡት ለሌላ ዘር ቤተሰብ ወይም ለተቋም ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ ድብደባ ወይም ረሃብ አልነበረም። አያት ቤት የምታድግ ልጅን ማኅበራዊ ሠራተኛዋ "ወላጅ የጣላት" ብላ ትጽፍ ነበር። እኛ አያት ዘንድ ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ ምን እንላለን?

በ1978 ኮንግሬስ የነባር ሕዝቦች ልጆች ደኅንነት ሕግን አወጣ። ልጅ ከወላጅ መለየት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ለዘመድ፣ ቀጥሎ ለራሷ ሕዝብ ሰው፣ ከዚያ ለሌላ ነባር ቤተሰብ ቅድሚያ ይሰጣል። ሕጉን ለማስፈረስ የተከፈተው ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በሰኔ 2023 ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸናው። ያን ቀን ሆስፒታላችን ውስጥ አንዲት የናቫሆ ነርስ ስልኳን ይዛ ስታለቅስ አየሁ። ምን ሆንሽ ብላት ዜናውን አሳየችኝ።

ጉዲፈቻ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ2018 ለውጭ አገር ሰው ጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ስትከለክል ብዙ የተባለው ነገር ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ልጅ ድሃ ስለሆነች ብቻ ዘመድ የላትም ማለት አይደለም።

የትም ቢወለድ ልጅ ልጅ ነው። ቦታው ምን ለውጥ ያመጣል?

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጥያቄ ሲጠይቀኝ ይገርመኛል። "እትብቴ የተቀበረበት" የምንል እኛ አይደለን?

ናቫሆዎች የሕፃኑን እትብት በእርግጥ ይቀብራሉ። በጎች በረት አጠገብ ከቀበሩት ልጁ ከብት ወዳድ ይሆናል ይላሉ። የሸማኔ መሣሪያ አጠገብ ከተቀበረ ደግሞ እጇ ለሥራ ይፈታል። ድሮ እናት የምታምጠው ሆጋን በሚባለው ክብ ቤት ውስጥ ነው። ከጣሪያው የተሸመነ ቀይ መቀነት ይንጠለጠላል፤ ምጡ ሲመጣ ተንበርክካ እሱን ትጎትታለች። ዛሬ አንዳንድ የናቫሆ ሆስፒታሎች ይህን መቀነት ማዋለጃ ክፍላቸው ውስጥ ሰቅለውታል። አገር ቤት ጤና ጣቢያዎች እናቶች እንዲመጡ ብለው ግቢያቸው ውስጥ ገንፎ ማገንፋት እንደጀመሩት ማለት ነው። ቤቷን ስታገኝ ትመጣለች።

ቱባ ሲቲ የሚገኘውን ሆስፒታል ብንወስድ፣ የሚመራው በነባሮቹ ነው፣ አብዛኛውን የሚያዋልዱትም አዋላጆች ናቸው። በ2000ዎቹ መጨረሻ እዚያ በኦፕራሲዮን የወለዱት ከመቶ 13.5 ብቻ ነበሩ። ያኔ የአገሪቱ አማካይ ከመቶ 32 ደርሷል።

ችግሩ እንዲህ ያለ ቦታ እያነሰ መሄዱ ነው። እዚሁ ፊኒክስ ያለው የነባሮቹ ትልቅ ሆስፒታል በ2020 የማዋለድ አገልግሎቱን ዘጋ። ብዙ እናቶች ለክትትልም ለወሊድም ረጅም መንገድ ይነዳሉ። በጀቱም ያስተዛዝባል። በ2017 መንግሥት ለአንድ ነባር ታካሚ ያወጣው 4,078 ዶላር ነው፤ ሜዲኬይድ ለሚባለው፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች ለተዘጋጀው የመንግሥት የጤና መድን ተጠቃሚ ግን 8,109። ነባር እናቶች ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከነጭ እናቶች ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ሞቶቹን አንድ በአንድ የመረመሩ ኮሚቴዎች ደግሞ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑትን ማዳን ይቻል ነበር ብለዋል።

ውሃና አፈር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በኒው ዮርክና በካናዳ ድንበር ላይ አክዌሳስኔ የሚባል የሞሐውኮች ምድር አለ። በ1980ዎቹ እዚያ ኬትሲ ኩክ ለምትባል አዋላጅ እናቶች አንድ ጥያቄ አመጡላት፤ "ጡቴን ባጠባው ይጎዳዋል?" ከምድራቸው ጎን የጄነራል ሞተርስ ፋብሪካ ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ለቅቆ ወንዙ ተበክሏል። እነሱ ደግሞ ዓሣ በል ሕዝብ ናቸው። ኩክ የእናቶችን ወተት የሚመረምር ፕሮጀክት አቋቋመች። ሴት የሰው ልጅ የመጀመሪያው አካባቢ ናት የሚለው አባባሏ የታወቀው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ልጅ መጀመሪያ የሚኖረው እናቱ ሆድ ውስጥ ነው፣ እናት የጠጣችውን ይጠጣል።

በናቫሆ ምድር ነገሩ ዩራኒየም ነው። ከ1944 እስከ 1986 ለኒውክሌር መሣሪያና ኃይል 30 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ማዕድን ከዚያ ተቆፍሮ ወጣ። ከ500 በላይ ጉድጓዶች ተትተው ቀሩ። ሐምሌ 1979 ቸርች ሮክ ላይ ግድብ ተደርምሶ ጨረራማ ፍሳሽ ወንዝ ውስጥ ገባ። እርጉዞችንና ሕፃናትን የሚከታተል ትልቅ ጥናት እየተካሄደ ነው፣ ከአገሪቱ አማካይ ከፍ ያለ ዩራኒየም በእናቶች ሰውነት ውስጥ አግኝቷል። "ውለጂ፣ መብትሽ ነው" ብሎ ይህን ውሃ ማጠጣት መብት አይሆንም።

ስለ ውርጃ እነሱ ምን ይላሉ?

እንደ ሁሉም ሕዝብ ይለያያሉ። በ2006 ደቡብ ዳኮታ ውርጃን የሚከለክል ሕግ ስታወጣ፣ ነርስ የነበረችውና የኦግላላ ሱ ሕዝብ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆነችው ሲሲሊያ ፋየር ተንደር በሕዝቧ ምድር፣ በፓይን ሪጅ፣ ክሊኒክ ይከፈታል አለች። የገዛ ምክር ቤቷ ተቃውሞ ከሥልጣን አወረዳት።

ሕጉን በተመለከተ ግን ለነባር ሴት በሩ የውርጃን መብት ካነሣው ከ2022ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በፊትም ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። ሃይድ በሚባለው የ1976 ድንጋጌ የፌዴራል ገንዘብ ከመደፈር፣ ከዘመድ መደፈርና ከሕይወት አደጋ ውጪ ለውርጃ አይውልም። የእነሱ ሆስፒታል ደግሞ የፌዴራል ነው። ተደፍራ የመጣች ሴት እንኳ ፖስት ፒል ለማግኘት ስትቸገር ኖራለች። አሴቶየርና ጓደኞቿ ለዓመታት ታግለው፣ መሥሪያ ቤቱ ግልጽ መመሪያ ያወጣው በ2015 ነው። ስለ ውርጃ ያለን እምነት ምንም ይሁን፣ የተደፈረች ልጅ መድኃኒት ፍለጋ መቶ ማይል መንዳት የለባትም።

አሜሪካ ብቻ ነው?

አይደለም። ግሪንላንድ ውስጥ ዴንማርክ ከ1966 ጀምሮ ለኢንዊት ሴቶች ሉፕ አስገባች፤ በ1970 ወደ 4,500 ደርሰዋል፣ መውለድ ከሚችሉት ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ከእነሱ ውስጥ ምንነቱ ያልተነገራቸው ልጃገረዶች ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሜተ ፍሬደሪክሰን መስከረም 2025 ኑክ ላይ ይቅርታ ጠየቁ። ፔሩ ውስጥ ደግሞ በፉጂሞሪ ዘመን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከ200 ሺህ በላይ ሴቶች መክነዋል፤ ብዙዎቹ ኬቹዋ ተናጋሪ የገጠር ሴቶች ነበሩ።

እኛን ምን ነካን?

ነክቶናል። በ2012 መጨረሻ በእስራኤል ቴሌቪዥን የቀረበ ፕሮግራም ላይ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶች የሦስት ወር መርፌ ሳይገባን፣ ተጫኑን ተወጋን ብለው ተናገሩ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴሩ ምንነቱን ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስ ሐኪሞችን አዘዘ። በኋላ የተደረገው የመንግሥት ማጣራት በግድ ተወጉ የሚል ማስረጃ አላገኘም። ሴቶቹ ግን ቃላቸውን አላጠፉም። እኔ እነሱን እሰማለሁ፣ ምክንያቱም "ሐኪሙ ካለ ይሁና" የምትለዋን እህት በዓይኔ አይቻለሁ።

አሜሪካ ላለሽ ግን ዛሬውኑ የሚጠቅም ነገር ልንገርሽ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ሊሰጥሽ ግዴታ አለበት። ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ፣ ለልጅ የሚከብድ ነገር አለ። በሜዲኬይድ ማሕፀን ለማስቋጠር 21 ዓመት ሊሞላሽ ይገባል። ከፈረምሽ በኋላም በተለመደው ጊዜ 30 ቀን መጠበቅ አለበት። ምጥ ላይ እያለሽ ፈርሚ ቢሉሽ አይቻልም። ፈርመሽም ሐሳብሽን መቀየር ትችያለሽ፣ የሚቋረጥብሽ እርዳታ የለም። ይህ ደንብ የመጣው እንዲሁ አይደለም። ያለፈቃዳቸው የመከኑ የነባር ሕዝቦች፣ የጥቁርና የሜክሲኮ ሴቶች በ1970ዎቹ ጮኸው፣ ከሰው ያስወጡት ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ናቫሆ ናት፣ ወለደች። ምን ይዤ ልሂድ?

ለአራስ የሚወሰድ ምግብ የትም አያሳፍርም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ናቫሆዎች የሕፃኑን የመጀመሪያ ሳቅ እንደ ትልቅ በዓል ያከብራሉ። አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወሩ ገደማ ነው። ሕፃኑን መጀመሪያ ያሳቀው ሰው ድግሱን ይደግሳል። በድግሱ ላይ ሕፃኑን ይይዙታል፣ እንግዳው በተራ ይመጣል፣ ከሕፃኑ እጅ ምግብና ጨው ይቀበላል። ልጁ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ነገር የሚያደርገው ለሰው በመስጠት ነው፣ ቸር እንዲሆን። ነርሷ ጓደኛዬ የወንድሟን ልጅ ያሳቀች ቀን ደውላ ጠራችኝ። ሄድኩ። ጨው በትንሽ መዳፉ ላይ አድርገው ወደ እኔ ዘረጉልኝ፣ ተቀብዬ ምላሴ ላይ አደረግሁት።